ለጎረቤት ስትሰጥ

ልጄ፣ ለሰፈራችን ችግረኞች ምግብ ላሰባስብ ብለህ መነሳትህ ደስ ብሎኛል። ቅን ነህ፤ ችኮላህን ግን አውቀዋለሁ። ተቀመጥና ስማኝ።

1. ከመስጠትህ በፊት ምድጃውን እይ። ከሰል ላጠረው ቤት ደረቅ ባቄላ ጌጥ ነው፤ ምስር ክክ ግን ቶሎ ይበስላል። ጥርስ ለሌላት አሮጊት ቆሎ አትውሰድ፣ አጥሚት ይሻላታል። ስኳር ላለበት ሰው የለስላሳና የብስኩት ካርቶን መሸከም ለፎቶ ያምር ይሆናል፤ እሱን ግን ይጎዳዋል።

2. ድሃ በውድ እንደሚገዛ አትርሳ። ይህን ስደጋግመው አይሰለቸኝም። ጤፍ በኩንታል የሚገዛ ሰው አስፈጭቶ በቤቱ ይጋግራል። የቀን ሥራ የምትሠራ እናት ግን እንጀራ በነጠላ፣ ዘይት በመለኪያ፣ ሽንኩርት ከጉሊት በመደብ ትገዛለች። ሲደመር ለዚያው ምግብ ከባለኩንታሉ ይልቅ ብዙ የምትከፍለው እሷ ናት። ዱቤ ካለባት ደግሞ ባለሱቁ ቢያስወድድባትም ሌላ ሱቅ መሄድ አትችልም። ስለዚህ የእድሩን ሰዎች አነጋግር፤ ጥቂት ቤቶች እያዋጡ ከሸማቾች ማኅበር ወይም ከእሁድ ገበያ በአንድ ላይ ይግዙ። ገንዘቡን አንድ ሰው፣ ሚዛኑን ሌላ ሰው ይያዝ። ሁለቱም በአንድ ሰው እጅ ከሆኑ፣ ሰውየው ንጹሕ ቢሆንም ሐሜት ይወለዳል።

3. በዓል አትጠብቅ። ለፋሲካ ሁሉም ይሰጣል፣ በማግስቱ ማንም የለም። የአዲስ አበባ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለተማሪዎቻቸው ቁርስና ምሳ ያበላሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ግን በሩ ዝግ ነው። ያንተ ሳምንት ከዚያ ይጀምር።

4. ጎመኑ የበቀለበትን ቦታ ጠይቅ። በአቃቂ ወንዝ ዳር የፋብሪካ ፍሳሽ የገባበት ውኃ የሚጠጣ አትክልት አለ። ማጠብና መቀቀል ጀርሙን ይቀንሳል እንጂ ቅጠሉ ውስጥ የሰረገውን ከባድ ብረት አያወጣም። ረከሰ ብለህ ለነፍሰ ጡር አታድርስ።

5. ጨው ስትሰጥ አዮዲን ያለውን ስጥ፤ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይጨመር፣ ብዙ ከተንተከተከ አዮዲኑ ይቀንሳል።

6. አልጋ ላይ ለዋለ ሰው «የምገባ ማዕከል አለ እኮ» አትበለው። ማዕከሉ መኖሩን ያውቃል፤ እግሩ ነው እምቢ ያለው። ከጓደኞችህ መካከል በየተራ የሚያደርስ መድብ። ሰው በሚያይበት ሰዓት ሳይሆን ማምሻውን በዘንቢል ይዞ ይግባ፣ ቡና ካቀረቡለት ይጠጣ፣ ሳህናቸውንም አጥቦ ይውጣ።