ስለ ወስፋት እድገትና ስለ ኤንዛይም ሥራ

ወስፋት በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር ድብልብል ትል ነው። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። ይሁን እንጂ እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር እንደ ወጣ ወዲያው ሰውን አይጐዳም፤ አስቀድሞ እርጥበት፥ ሙቀትና አየር ባለበት አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያህል ማደግ ያስፈልገዋል።

በዚህ ጊዜ ፅንሱ እንደ እኛው ኦክሲጅን ይፈልጋል። ኤንዛይም የተባሉት፥ የሰውነትን ሥራ የሚያፋጥኑ ረቂቅ ንጥረ ነገሮች፥ በእንቁላሉ ውስጥ የተከማቸውን ስብ ወደ ስኳር ይለውጡለታል። እንቁላሉ ተውጦ ከተፈለፈለ በኋላ እጩ በጉበትና በሳንባ በኩል አልፎ ወደ አንጀት ይመለሳል። በዚያ ኦክሲጅን እምብዛም ስለሌለ፥ የቀድሞዎቹ ኤንዛይሞች ሥራ ይቀንስና በሌሎች ይተካል። ከነዚህም አንዱ ፉማሬት ሬዳክቴዝ ነው፤ በእርሱም አማካይነት ትሉ ያለ ኦክሲጅን ኃይል ያገኛል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? እንቁላሉ ያለ ኦክሲጅን ሊያድግ ስለማይችል፥ ወስፋት በሆድ ውስጥ አይራባም። በሕፃኑ ሆድ የሚገኘው እያንዳንዱ ትል ከውጭ የተዋጠ አንድ እንቁላል ነበረ። ስለዚህ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ መምህራንም ሆኑ ወላጆች ልጆች በመጸዳጃ ቤት እንዲጠቀሙ፥ እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ፥ አትክልትንም አጥበው እንዲበሉ ማስተማር ይገባቸዋል።