በአነስተኛ ወጪ በሚሠራ የኤሌክትሪክ ስኬትቦርድ የት እንቆጥብ? ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ በሚወጡ ሴሎች ላይ የተደረገ ስሌታዊ ዳሰሳ

መግቢያ

የኤሌክትሪክ ስኬትቦርድ በቤቱ ለመሥራት የተነሣ ተማሪ ወጪ ለመቀነስ ሲያስብ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በባትሪው ላይ ነው፤ ከውድ ክፍሎቹ አንዱ እርሱ ነውና። ከተጣሉ የላፕቶፕ ባትሪዎች የሚወጡትና 18650 በመባል የሚታወቁት የሊቲየም አዮን ሴሎች በርካሽ ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ሴሎች እንደ አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ያዋጡ እንደሆነ ይመረምራል።

የስሌቱ መነሻ

የተሳፋሪውና የቦርዱ ድምር ክብደት 85 ኪሎ ግራም፣ ፍጥነቱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ የጎማዎቹ የመሽከርከር ተቃውሞ 0.02፣ የአየር ተቃውሞ 5 ኒውተን፣ ከባትሪ እስከ ጎማ ያለው ብቃት 75 በመቶ ተደርጎ ተወስዷል። 10 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው 36 ቮልት ይሰጣሉ፤ ያረጀ ሴል ውስጣዊ ተቃውሞም 0.1 ኦም ተገምቷል።

ውጤት

በሜዳ ላይ የሚያስፈልገው ኃይል 120 ዋት ገደማ ሲሆን፣ በ8 በመቶ ዳገት ላይ ወደ 490 ዋት ያድጋል። ይህም ከባትሪው 13.6 አምፒር መሳብ ማለት ነው። ሴሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በትይዩ ከተያያዙ (በድምሩ 20) እያንዳንዱ 6.8 አምፒር ይሸከማል፤ 4.6 ዋት ሙቀትም ያመነጫል። የባትሪው ቮልቴጅ በ6.8 ቮልት ይወርዳል። አራት አራት ሆነው ሲያያዙ (በድምሩ 40) ግን ፍሰቱ በሴል 3.4 አምፒር፣ ሙቀቱ 1.2 ዋት፣ የቮልቴጁ መውረድም 3.4 ቮልት ብቻ ይሆናል። የሴሎቹ ቁጥር እጥፍ ሲሆን የእያንዳንዱ ሙቀት ወደ ሩብ ይቀንሳል።

ውይይት

ስለዚህ 20 አሮጌ ሴሎች በሜዳ ቢበቁም በዳገት አደገኛ ናቸው፤ ለላፕቶፕ የተሠራ ሴል እንዲህ ያለውን ፍሰት ያለማቋረጥ እንዲሰጥ አልታቀደምና። 40 ሴሎች ደግሞ እያንዳንዳቸው በአቅምና በውስጣዊ ተቃውሞ መለካትና መመሳሰል አለባቸው፤ በተከታታይ በተያያዘ ባትሪ የጉዞውን ርቀት የሚወስነው ደካማው ክፍል ነው። ርካሹ ሴል ዋጋውን በጊዜና በክብደት ያስከፍላል።

ቁልቁለት ሌላ ችግር ያመጣል። ሞተሩ ፍሬን ሲይዝ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪው እስከ 42 ቮልት ተሞልቶ ጉዞው በቁልቁለት ከጀመረ፣ የመከላከያ ሰርኪቱ ሙሌቱን ሲያቋርጥ ፍሬኑ በድንገት ሊጠፋ ይችላል። መፍትሔው ሰርኪቱን ማስወገድ አይደለም፤ ባትሪውን 40 ቮልት ገደማ ላይ ማቆምና በእግር ፍሬን መያዝን አስቀድሞ መልመድ ነው። ይህ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ማጠቃለያ

ቁጠባው ከጣውላው፣ ከባትሪው ሣጥንና ከሞተሩ ማሰሪያ ይጀምር፤ እነዚህ በአገር ውስጥ አናጺና ብረት ሠሪ እጅ በሚገባ ይሠራሉ። ከሴሎቹ ጥራት፣ ከመከላከያ ሰርኪቱና ከቻርጀሩ ግን መቆጠብ አይገባም። የባትሪውም መጠን መወሰን ያለበት በአማካዩ መንገድ ሳይሆን ተሳፋሪው በሚወጣው እጅግ ቀጥ ያለ ዳገት ነው።