ውሻና ጌታው

ውሻ የሰው ወዳጅ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። ነገር ግን ሰው በፈንታው የውሻ ወዳጅ ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሻ ሰው ጧት ማልዶ በአዲስ አበባ መንገዶች ይለፍ። በየሥጋ ቤቱ ደጅና በየቆሻሻ መጣያው ዙሪያ አጥንታቸው የሚቆጠር፣ ቆዳቸው በእከክ የተላጠ ውሾችን ያያል። እኛም «የጎዳና ውሻ» የሚል ስም ሰጥተናቸዋል። ይሁን እንጂ ጎዳና ውሻ አይወልድም። ዛሬ የሚንከራተተው ውሻ ራሱ ወይም እናቱ ወይም አያቱ ከአንድ ሰው ግቢ የወጡ ናቸው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። ሴት ውሻ የምታረግዘው ለ63 ቀን ያህል ሲሆን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ቡችሎቹ በተወለዱ ጊዜ ባለቤቱ ለጥበቃ ይሆነኛል ሲል ወንዱን ያስቀራል፤ ሴቶቹን ግን በካርቶን አድርጎ ከወንዝ ዳር ይጥላቸዋል። ከተጣሉት መካከል አንዲቱ እንኳ ብትተርፍ፣ ዓመት ሲሞላት ግድም እርስዋም በተራዋ በጎዳና ላይ ትወልዳለች። በዚህ ዓይነት የአንድ ሰው ቸልተኝነት የሰፈሩ ሁሉ ችግር ይሆናል።

ከችግሮቹም ዋነኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የበሽታው ቫይረስ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ በንክሻም ወደ ሰው ይተላለፋል። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. ጆሴፍ ማይስተር የሚባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ካተረፈ ወዲህ፣ በሽታው ሳይነሣ መከላከል ተችሏል። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን ክትባቱን አያስቀር።

አንዳንድ ሰዎች መፍትሔው መርዝ መበተን ነው ይላሉ። ሆኖም የሞቱትን ስፍራ ብዙ ሳይቆይ ያልተከተቡ ሌሎች ውሾች ይይዙታል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ በአንድ አገር ካሉት ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ በሽታው በመካከላቸው ሊዛመት አይችልም። እንግዲህ በሽታውን የሚገታው ክትባት ነው፤ ውሻን የሚያስከትበው ግን ባለቤቱ ነው። ባለቤት የሌለውን ውሻ ማን ይዞ ያስከትበዋል?

ስለዚህ ውሻ ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው አራት ነገሮችን አስቀድሞ ያስብ።

አንደኛ፤ የቤቱ ትርፍራፊ በተገኘ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ምግብና ንጹሕ ውሃ ይስጠው።

ሁለተኛ፤ ሦስት ወር ሲሞላው ያስከትበው፤ ክትባቱንም በየጊዜው ያሳድስ።

ሦስተኛ፤ ቡችላ የማይፈልግ ከሆነ ወንዱን ያስኮላሽ፤ ሴቷም እንዳትወልድ በእንስሳት ሐኪም ያሳክማት።

አራተኛ፤ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት አስሮ አያውለው፤ ሌሊትም ወደ መንገድ አይልቀቀው።

ይህን ለመፈጸም የማይችል ሰው ውሻ ባይኖረው ነውር አይደለም። ወስዶ መጣል ግን ነውር ነው። ውሻ ደመወዝ ሳይጠይቅ፣ ብርድና ዝናብ ሳይል ሌሊቱን ሙሉ ቤታችንን ይጠብቃል። እኛ ተማሪዎችም ቢያንስ አንድ ነገር ለማድረግ እንችላለን፤ ይኸውም በግቢያችን ያለው ውሻ መቼ እንደተከተበ ዛሬ ማታ ወላጆቻችንን መጠየቅ ነው።