ስለ ጣና ታንኳ አሠራርና አያያዝ፥ ስለ ደንገሉም አጠባበቅ

የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፥ ስፋቱም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ያህል ቢደርስ ነው። እንዲህ ያለው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነሣበት ፈጥኖ ይናወጣል፤ ሞገዱም አጭርና ተከታታይ ይሆናል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ እንጨት ጭኖ የሚመላለሰው ድኻ ይህን ውሃ የሚሻገረው ሸራ በሌላት፥ ምስማርም ባልነካት በደንገል ታንኳ ነውና፥ በሐይቁ ዙሪያ የተሾመ ሹም ሁሉ፥ በዳርቻውም መሬት የያዘ ሰው የታንኳን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል።

ደንገል በረግረግ የሚበቅል ተክል ነው። አገዳው ሦስት ማዕዘን ያለው ሲሆን በተስማማው ስፍራ ከ4 ሜትር በላይ ይረዝማል። ከላይ ያለው ልጡ ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ግን ነጭና ለስላሳ፥ እንደ ሰፍነግ አየር የመላበት ነው። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ሆዱ ተዘግቶ ውሃ ስለማያስገባ ነው፤ በታንኳ ግን ውሃው በነዶዎቹ መካከል እየገባ እየወጣ በየአገዳው ውስጥ ያለው አየር ይሸከማታል። ስለዚህ ታንኳ በድንገት አትሰጥምም፥ በቀስታ ትከብዳለች እንጂ። ይህም መልካምም ክፉም አለበት። መልካሙ፥ ብትገለበጥ እንኳ ወዲያው ስለማትሰጥም የወደቀው ሰው ጥብቅ አድርጎ ይዟት ለመዳን መቻሉ ነው። ክፉው፥ የጠጣችው ውሃ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሲጨምር ባለቤቱ ሳያስተውለው ጭነቱን እንደ ትናንቱ መጫኑ ነው። በጣና ከሚደርሰው አደጋ መጠንቀቅ የሚወድ ሰው ይህን ነገር አስቀድሞ ያስብ።

የደንገል ታንኳ ነገር ጥንታዊ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ በደንገል መርከብ ስለሚላኩ መልእክተኞች ጽፏል፤ የሙሴም እናት ሕፃኑን ያኖረችበት ሣጥን የደንገል ነበር። ነገር ግን እርሷ ሣጥኑን ዝፍትና ቅጥራን ቀብታዋለች፤ የጣና ታንኳ ሠሪ ምንም አይቀባም። ቅጥራን የሌላትን ታንኳ ከመበስበስ የሚጠብቃት ፀሐይ ብቻ ነው። ቀዛፊው ከወደቡ እንደ ደረሰ ጭነቱን አራግፎ ከውሃ ሊያወጣት፥ ጫፏንም ወደ ላይ አድርጎ አስደግፎ ውሃዋን ሊያንጠፈጥፍ፥ አንደኛው ወገን ሲደርቅ ሁለተኛውን ለፀሐይ ሊያዞር ይገባል። ከውሃ ላይ ታስራ ያደረች ታንኳ በጥቂት ሳምንት ትበሰብሳለች፤ በየጊዜው የምትደርቀው ግን ለወራት ታገለግላለች። የሚችል ሰው ሁለት ታንኳ ይዞ አንዲቱ ስትሠራ ሌላይቱን ቢያደርቅ ወጪው የበዛ ይመስላል እንጂ ትርፉ ለእርሱ ነው።

አሠራሯን በሚገባ የሚያውቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። የበሰለውን ደንገል ቆርጠው ያደርቃሉ፤ ደርቆም በጥቅል በጥቅል ያስሩትና ጥቅሎቹን አጋጥመው ፊቷን ወደ ላይ ቀልብሰው ይሠሯታል። በመካከሏ ደግሞ ቀዛፊው የሚቀመጥበትን፥ ጭነቱም ከእርጥበት የሚርቅበትን ከፍ ያለ የደንገል መደብ ያነጥፋሉ። ማሰሪያው መጥበቅ አለበት። ውሃ በአገዳው ተቆርጦ በተከፈተው ጫፍ ቶሎ ይገባልና፥ ጫፉ ተጨምቆ የታሰረ እንደ ሆነ ዕድሜዋ ይረዝማል። በየጉዞው መካከል የላላውን ማሰሪያ መልሶ ማጥበቅ የባለቤቱ ሥራ ነው፤ የባለ ሙያውን አስተሳሰር መለወጥ ግን የእርሱ ሥራ አይደለም። ለዚህ አንድ የታወቀ ምስክር አለ። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሰው በ1961 ዓ.ም. ከጣና ደንገል አስቆርጦ ወስዶ በግብፅ «ራ» የተባለችውን ታንኳ አሠራና ከሞሮኮ ተነሥቶ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሄደ። በጥንታውያን ግብፃውያን ሥዕል ላይ የኋላዋን ቆልማማ ጫፍ ወደ መደቧ ስቦ የሚይዝ አንድ ገመድ ይታያል፤ ያ ገመድ ቸል ተብሎ ነበርና የኋላዋ እየጎበጠ ከውሃ ገባ፤ ከብዙ ሳምንት ጉዞ በኋላም ሊያርፉበት ካሰቡት አገር ሳይደርሱ ትተዋት ወጡ። በ1962 ዓ.ም. ስሕተቱ ታርሞ የተሠራችው ሁለተኛይቱ «ራ» ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ጌጥ የሚመስል ገመድ ይህን ያህል ዋጋ ካለው፥ የወይጦን ሙያ ንቆ እንደ ተራ ሣር ሥራ የሚቆጥር ሹም ምን እንደሚያጠፋ ልብ ይበል።

አካሄድን በተመለከተ፥ በጣና ማለዳ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው፤ ቀኑ ሲሞቅ ነፋሱ ይነሣል፤ ከቀትርም በኋላ ሞገዱ ይበረታል። ስለዚህ ቀዛፊ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተነሥቶ ከቀትር በፊት ለመድረስ ይጣር። ከፀሐይ መውጣት በፊትና ከመጥለቂያዋ በኋላ መሄድ ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት፤ ጉማሬ ለግጦሽ ወደ የብስ የሚወጣውና ወደ ውሃ የሚመለሰው በዚያ ሰዓት ነውና። መሐሉን አቋርጦ ከመሄድ ዳር ዳሩን መሄድ ይሻላል፤ መንገዱ ቢረዝምም ማዕበል ሲነሣ መጠጊያው ቅርብ ነው። ሞገድ ሲመጣ ታንኳዋ ፊቷን ትስጠው፥ ጎኗን አትስጠው። ተሳፋሪ ይቀመጥ፥ አይቁም። ከባዱ ጭነት በመካከል ይሁን፤ እንጨትም በርዝመቷ ይጋደም እንጂ ወደ ጎን ተርፎ አይውጣ። ውሃው መቀመጫውን መደብ ከነካ ጭነቱ በዝቷል ወይም ታንኳዋ ጠግባለች፤ በሁለቱም ምክንያት ከወደቡ መነሣት የለባትም። በክረምት ደመና ሲከብድና ነጎድጓድ ሲሰማ ደግሞ ገበያተኛው ቢያጉረመርምም ማዘግየት ነው።

ይህ ሁሉ ደንገሉ ካለ ነው። በ1988 ዓ.ም. ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጫራ ጫራ የውሃ መቈጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ማነስና የሚለቀቀው ውሃ መብዛት ተጋጥመው ሐይቁ እጅግ ጎደለ። መርከቦች ለወራት ቆሙ፤ ውሃው የሸሸበትን ዳርቻ ገበሬ አረሰው፤ ብዙም የደንገል ስፍራ ጠፋ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም ይልቁንም በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ውሃውን ሸፈነው፤ በእርሱ መካከል ታንኳ ሰንጥቃ ማለፍ አትችልም። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዓለም አቀፍ ድርጅት በዩኔስኮ ዘንድ የሕያዋን ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ነገር ግን የዳርቻውን ማረሻ የሚያቆመው በስፍራው ያለው ሹም እንጂ መዝገቡ አይደለም።

ደንገል ለታንኳ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ጎርፍ ያመጣውን ደለል ይይዛል፤ ቀረሶና አምባዛም በጥላው ሥር ባለው የዳር ውሃ ይራባሉ። ደንገሉን ነቅሎ ጤፍ የሚዘራ ሰው ጥቂት ኩንታል ሲያገኝ ጎረቤቱን ዓሣውንም ታንኳውንም ያሳጣዋል፤ ማሳውም በሚቀጥለው ክረምት በውሃ ሊዋጥ ይችላል። ጉዳቱ ይበልጥ የሚያገኘው አብዛኛው የእርሻ መሬት የሌለውን የታንኳ ሠሪ ወገን ነው፤ እርሱ የሚቆርጠው ደንገል በሌላው ይዞታ ዳር የበቀለ ነውና።

ስለዚህ የወረዳው ሹም ከባለ ይዞታዎችና ከታንኳ ሠሪዎች ሽማግሎች ጋር ሆኖ የደንገሉን ስፍራ በምልክት ይከልል፤ ከብት እንዳይገባበት፥ እሳትም እንዳይለኮስበት ያድርግ። የተከለለውን ከፍሎ በየተራ ያስቆርጥ፤ የተቆረጠው ክፍል ሙሉ ቁመቱን እስኪመልስ አንድ ዓመት ያህል ይረፍ። ቆራጩ ሥሩን ሳይነቅል የበሰለውን አገዳ ብቻ ከውሃው በላይ ይቁረጥ፤ ለጋውን ይተው፤ ለጋ አገዳ ለታንኳ አይረባም፥ ቶሎ ይሟሽሻልና። በየወደቡ ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው፥ ከብትና ጋሪ የማይረግጠው የማድረቂያ ስፍራ ይለይ፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ለእንግዳ ማረፊያና ለመዝናኛ ቤት ተብሎ ዳርቻው በሚሰጥበትም ጊዜ የታንኳው መውጫና ማድረቂያ አስቀድሞ ተለክቶ ከውሉ ይጻፍ።