«ይሰማን ይሆን?»
የአንጎልን ሥራ በመለካት ስለ ንቃተ ኅሊና የተገኘ ዕውቀት

ጭንቅላቱ ክፉኛ የተጎዳ ወይም አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበትን ሕመምተኛ ለመጠየቅ የሄደ ሰው ይህን ሁኔታ ያውቀዋል። ሕመምተኛው ዓይኑን ገልጦ ጣራ ጣራውን ያያል፤ ይተኛል፣ ይነቃል፤ በስሙ ሲጠሩት ግን አይመልስም፤ «እጄን ጨብጥ» ሲሉት ጣቱን አያነሣም። ጠያቂውም ከክፍሉ ወጥቶ በለሆሳስ «ለመሆኑ ይሰማን ይሆን?» ይላል። ውድ አንባብያን፣ ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ እስከ ምን ድረስ መልስ እንዳገኘ ባጭሩ እንመልከት።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በአማርኛ «ኅሊና» ስንል ክፉና ደጉን የሚለየውንም፣ የሚያስበውንም ልቡና ማለታችን ነው። እዚህ ላይ «ንቃተ ኅሊና» የምንለው ግን ጠበብ ያለ ነው፤ ሰው ማየቱን፣ መስማቱን፣ መታመሙን ራሱ ከውስጥ የሚያውቅበት ሁኔታ ነው። መሣሪያ ነፍስን አይመዝንም፤ የሚለካው የአንጎልን ሥራ ነው።

ይህም ሥራ የሚታወቅባቸው ሁለት ዋና ምልክቶች አሉ። አንደኛው የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በየና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1924 ይህን ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ራስ ላይ ቀርጾ በ1929 ውጤቱን አሳተመ። ሁለተኛው የደም ዝውውር ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ኦክሲጅን የያዘ ደም በብዛት ይደርሰዋል፤ ኤም አር አይ የተባለው በማግኔት የሚሠራ መሣሪያም ይህን ለውጥ ይለያል። ደሙ የሚደርሰው ሥራው ከተጀመረ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ጢሱን አይቶ እሳቱን እንደ ማወቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ኤድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር ከመኪና አደጋ በኋላ ለወራት ምንም ምላሽ ያልሰጠችን የ23 ዓመት ወጣት መረመሩ። በመሣሪያው ውስጥ ሳለች «ቴኒስ ስትጫወቺ በአሳብሽ ሳዪ» አሏት፤ እንቅስቃሴን አስቀድሞ የሚያሰናዳው የአንጎል ክፍል ሥራ ጀመረ። «በቤትሽ ክፍሎች ውስጥ ተዘዋወሪ» ሲሏት ደግሞ ቦታንና መንገድን የሚያስታውሱት ክፍሎች ተነሡ። የታየው ሁሉ ከጤነኛ ሰዎች አንጎል የማይለይ ነበር። አካሏ ዝም ባለበት ጊዜ ትእዛዝ ሰምታ ትፈጽም ነበር ማለት ነው።

ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ በካምብሪጅና በቤልጅግ አገር በሊዬዥ 54 ሕመምተኞች ሲመረመሩ 5ቱ እንዲህ ማድረግ ቻሉ። ለአንደኛው ቴኒሱን «አዎን»፣ ቤቱን «አይደለም» አድርገው ስለ ቤተሰቡ 6 ጥያቄ ቢያቀርቡለት፣ ለ5ቱ ትክክለኛ መልስ ሰጠ። ለ6ኛው የተሳሳተ መልስ አልሰጠም፤ ምንም አልታየም። እንቅልፍ ወስዶት ይሁን፣ ሳይሰማ ቀርቶ ወይም መመለስ ሳይፈልግ፣ ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

ቤተሰብ ሊያስተውለው የሚገባው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በ2024 በታተመ ሰፊ ጥናት፣ በአልጋቸው አጠገብ ሲታዘዙ ምንም ምላሽ ካልሰጡ 241 ሰዎች መካከል 60ዎቹ፣ ማለትም ከ4 አንዱ፣ በአንጎላቸው ትእዛዙን ሲፈጽሙ ተገኙ። በዚያው ጥናት በግልጽ ትእዛዝ መቀበል ከሚችሉት 112 ሰዎች ግን መሣሪያው ያገኘው 43ቱን ብቻ ነበር። ነቅተው የሚታዘዙትን ብዙዎች እንኳ ስቷቸዋል። ስለዚህ «ምልክት ተገኘ» የሚለው ቃል ትልቅ ምስክር ሲሆን፣ «አልተገኘም» የሚለው ግን «የለም» ማለት አይደለም። ሕክምና ይቀጥል ወይስ ይቁም ተብሎ በሚመከርበት ክፍል ውስጥ ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። (አንጎሉ ፈጽሞ መሞቱ በሐኪሞች የተረጋገጠበት ሰው ጉዳይ ከዚህ የተለየ ስለ ሆነ ሊደባለቅ አይገባም።)

ይህን ጉድለት ለማቃናት በጣልያን አገር በሚላኖ የነማርቼሎ ማሲሚኒ ቡድን ቃል የማያስፈልገው ዘዴ በ2013 አቀረበ። አንጎልን ከውጭ በማግኔት ኀይል አንድ ጊዜ መታ አድርገው የሚመለሰውን የኤሌክትሪክ ማስተጋቢያ ይለካሉ። በከባድ እንቅልፍና በማደንዘዣ ጊዜ ማስተጋቢያው ቀላልና አንድ ዓይነት ይሆናል፤ በነቃ ሰው ግን ከክፍል ወደ ክፍል እየተላለፈ ይወሳሰባል።

ይህ ሁሉ ንቃት መኖሩን ያመለክታል እንጂ ሥጋ የሆነ አንጎል እንዴት «እኔ» እንደሚል አይገልጥም። የአንጎል ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ በ25 ዓመት ውስጥ የንቃተ ኅሊና የነርቭ መሠረት በግልጽ ይታወቃል ብሎ በ1998 ከፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ ጋር ተወራርዶ ነበር። በ2023 በኒው ዮርክ መረታቱን በጉባኤ ፊት አምኖ የወይን ጠጅ ከፍሏል። ጨዋ ተሸናፊ ነው።

ለእኛ ለስደተኞቹ የቀረበው ጉዳይ ግን ቋንቋ ነው። ትእዛዙ በቃል የሚሰጥ እንደ መሆኑ፣ ዕድሜዋን በአማርኛ የኖረች እናት በእንግሊዝኛ ብትታዘዝ ዝምታዋ ስለ አንጎሏ ምን ይመሰክራል? ቴኒስ ይዛ የማታውቅ ከሆነችማ ነገሩ ይብሳል፤ እርግጥ በኤሌክትሪክ ሞገድ በሚደረገው ምርመራ «ቀኝ እጅሽን ክፈቺ፣ ዝጊ» የሚል ትእዛዝም ይሠራበታል። ምርመራው የሚገኘው በጥቂት ትልልቅ ሐኪም ቤቶች ብቻ ነው። ቢሆንም በየትኛውም ሐኪም ቤት ቤተሰብ የሕመምተኛውን የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ጆሮው አስቀድሞ ይከብደው እንደ ነበር፣ በቀን የሚነቃበትን ሰዓት ለሐኪሙ ሊነግር፣ ምርመራው በሌላ ቀን እንዲደገምም ሊጠይቅ ይችላል። ትእዛዙን በአማርኛ የሚናገር ሰው ይቅረብ ማለትም ነውር የለበትም።