ሙሽሮቹ ሲገቡ የቆመው ፍላሽ

የአዳራሹ በር ይከፈታል። ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው ብቅ ሲሉ እልልታው ቤቱን ይሞላዋል። ፎቶ አንሺው ፊት ለፊታቸው ሆኖ የኋሊት እየተራመደ ያነሳል፤ ፍላሹ በየሁለት ሰከንዱ ብልጭ ይላል። ሙሽሮቹ የአዳራሹን ግማሽ እንዳለፉ ግን ብልጭታው ይቀራል። ካሜራው ጠቅ ይላል፤ የሚወጣው ምስል ጨለማ ነው። ባትሪ ያለቀ መስሎት ቶሎ ብሎ አዲስ ይከታል፤ ለውጥ የለም። ነገሩ የሚገባው ፍላሹን በመዳፉ ሲነካው ነው። ከምድጃ እንደወረደ ጀበና ይፋጃል።

ሠርግ የሚያነሳ ባለሙያ ይህ አንድ ቀን ሳይገጥመው አይቀርም። ደግሞም ያማል። ስቱዲዮ ውስጥ ቢሆን «እንደገና እናንሳው» ይባላል፤ የሙሽሮቹ አገባብ፣ የወላጆች ጉልበት ሲሳም፣ እናት ልጇን አቅፋ ስታለቅስ ግን ሁለተኛ ዕድል የለም። ብዙዎች ከእንዲህ ዓይነቱ ቀን በኋላ የሚያስቡት የበለጠ ጉልበት ያለው ፍላሽ ስለመግዛት ነው። ገንዘቡን ከማውጣት በፊት መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ፍላሹ ምን ያህል ብርሃን እየተጠየቀ ነው? ሰፊውን አዳራሽ ብቻውን እንዲያበራ የታዘዘ ፍላሽ ይግላል። የክፍሉ መብራትና የካሜራው ቅንብር ሲያግዙት ያው ፍላሽ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል።

በፍላሹ ጭንቅላት ውስጥ ዜኖን በሚባል ጋዝ የተሞላች ቀጭን የመስታወት ቱቦ አለች። ይህን ዓይነቱን ብርሃን ለፎቶግራፍ በማብቃት ስሙ ቀድሞ የሚነሳው በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ያስተምር የነበረው ሃሮልድ ኤጀርተን ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ሥራ የወተት ጠብታ ሲፈናጠር፣ ጥይት ፖም በስቶ ሲያልፍ የሚያሳዩትን ዝነኛ ምስሎች አስገኝቷል። መሠረቱ ዛሬም አልተለወጠም። ከባትሪው የሚመጣው ጥቂት ቮልት ከ300 ቮልት በላይ እንዲሆን ይደረግና ካፓሲተር በሚባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ይከማቻል፤ የካሜራው ቁልፍ ሲጫን የተከማቸው በቱቦዋ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይፈስሳል።

ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። በ330 ቮልት የተሞላ 1,400 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 76 ጁል ያህል ኃይል ይይዛል። ፍላሹ በሙሉ ኃይሉ ሲበራ ይህ በ1/300 ሰከንድ ገደማ ያልቃል፤ ለዚያች ቅጽበት ከ22 ሺህ ዋት በላይ ማለት ነው። ቅጽበቷ አጭር ስለሆነች ብቻዋን ጉዳት የላትም። በየሁለት ሰከንዱ ስትደጋገም ግን በአማካይ 38 ዋት ትሆናለች። የድሮውን ባለ 40 ዋት አምፖል በርቶ ሳለ የነካ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ያንን አምፖል እፍኝ በማትሞላ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ዘግቶ ማብራት ነው። ቱቦዋ ትግላለች፣ ፊት ለፊቷ ያለው የፕላስቲክ መስታወት ይግላል፣ ቮልቱን ከፍ የሚያደርጉት ክፍሎች ይግላሉ፣ ባትሪውም ይግላል።

አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ከጋለ ዕቃ ላይ ሙቀቱን የሚወስደው አየር በመሆኑ መሳሳቱ ማቀዝቀዝን ያዘገያል፤ የከተማዋ ቀዝቃዛ ምሽት ግን ይክሰዋል። እንደ ሰመራ ባለ ቆላ ከተማ፣ ቀትር ላይ፣ በድንኳን ውስጥ ሲሠራ ፍላሹ ገና ከቦርሳ ሲወጣ ሙቅ ነው።

አምራቾች የሚያስቀምጡት ገደብ ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። የካኖን 580 ኢኤክስ ሁለተኛው ትውልድ መመሪያ ከ20 ተከታታይ ብልጭታ በኋላ ፍላሹ ቢያንስ 10 ደቂቃ እንዲያርፍ ያዛል። ማስጠንቀቂያው ታልፎ ማንሳቱ ከቀጠለ ፍላሹ ራሱን ለመጠበቅ በየመሃሉ ከ8 እስከ 20 ሰከንድ እየወሰደ ይሞላል። የጎዶክስ ቪ860 ሁለተኛው ትውልድ መመሪያ ደግሞ በሰንጠረዥ አስቀምጦታል፤ የሙቀት መከላከያው በሙሉ ኃይል ከ30 ብልጭታ በኋላ፣ በግማሽ ኃይል ከ60፣ በሩብ ከ100፣ በስምንተኛ ከ200 በኋላ ይነሳል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ቢባል ይህ ሰንጠረዥ ነው። ኃይሉን ከሙሉ ወደ ስምንተኛ ማውረድ ከሙሽሮቹ መግቢያ እስከ ኬክ ቆረሳው ድረስ ያለ ጭንቀት መሥራት ማለት ነው።

ፍላሽ በሙቀት መቆሙ በዓለም ላይ ሁሉ መነጋገሪያ የሆነበት ጊዜ ነበር። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ኤስቢ-900 ጠንካራ ፍላሽ ሆኖ ሳለ ሙቀቱ ከገደብ ሲያልፍ ጨርሶ ሥራ ያቆም ነበር። መከላከያውን ከቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ያን ያደረገ ባለሙያ ግን ቱቦውን ለአደጋ ያጋልጣል። ሠርግና ዜና የሚያነሱ ሰዎች በብርቱ አማረሩ። በ2011 መጨረሻ ላይ ይፋ የሆነው ተከታዩ ኤስቢ-910 በሙቀት ጊዜ ከመዝጋት ይልቅ አሞላሉን ማዘግየት መረጠ። በ2016 የመጣው ኤስቢ-5000 ደግሞ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ተሠራለት። የሚዘገይ ፍላሽ ከሚሞት ፍላሽ ይሻላል፤ ፎቶ አንሺው ቢያንስ ጊዜ መርጦ ማንሳት ይችላል። ሆኖም ሙሽሮቹ እየተራመዱ 15 ሰከንድ መጠበቅ ሁለት ወይም ሦስት ምስል ብቻ ይዞ መውጣት ነው።

የባትሪው ለውጥም ችግሩን አባብሶታል። አራት ባትሪ ድንጋይ የሚወስደው የቀድሞው ፍላሽ ቀስ ብሎ ስለሚሞላ ሳይታወቅ ያሳርፈው ነበር። የዛሬው የሊቲየም ባትሪ ፍላሹን በሙሉ ኃይል አብርቶ በ1.5 ሰከንድ ገደማ መልሶ ይሞላዋል። ፍጥነቱ ደስ ይላል፤ የጎዶክስ ሰንጠረዥ የፈቀደው 30 ብልጭታ ግን ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል።

መፍትሔው የሚጀምረው ከካሜራው ነው። አንድ ፎቶ አንሺ በአይኤስኦ 400 እና በኤፍ 8 እየሠራ ፍላሹ ሙሉ ኃይሉን ይፈልጋል እንበል። አይኤስኦውን ወደ 1600 ሲያወጣው የሚያስፈልገው የፍላሽ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 4 ሲከፍተው ደግሞ የቀረው እንደገና በአራት ይከፈላል። ሁለቱ ተደምረው ፍላሹ አሥራ ስድስተኛ ኃይሉን ብቻ እንዲያወጣ ያደርጉታል። አይኤስኦ ከፍ ሲል ምስሉ ይሻክራል የሚለው ፍርሃት ከድሮዎቹ ዲጂታል ካሜራዎች የተረፈ ነው፤ ባለፉት አሥር ዓመታት የተሠራ ደህና ካሜራ በ1600 ለአልበም የሚበቃ ንጹሕ ምስል ይሰጣል። ቤተዘመድ በሁለትና በሦስት ረድፍ ቆሞ ሲነሳ ግን ኤፍ 4 የኋላውን ረድፍ ሊያደበዝዝ ስለሚችል ኤፍ 5.6 ይሻላል።

የሹተር ፍጥነቱን ከ1/200 ወደ 1/100 ሰከንድ ማውረድም የአዳራሹን መብራት ወደ ምስሉ ያስገባል። ያኔ ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ጌጥ፣ አበባውና እንግዳው ሁሉ ይታያል፤ ፍላሹ የሚጠየቀው ፊታቸውን እንዲያበራ ብቻ ነው።

ቲቲኤል የሚባለው ራሱን በራሱ የሚመጥነው አሠራር እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ምስሉን ሲሞሉት ካሜራው ጨለማ መስሎት ፍላሹን ከሚገባው በላይ ያዛል። ፎቶ አንሺው በስንት ኃይል እየሠራ እንደሆነ ሳያውቅ ፍላሹ ይግላል። ርቀቱ ብዙም በማይለዋወጥበት ቦታ፣ ለምሳሌ እንግዶች ተራ በተራ እየመጡ ከሙሽሮች ጋር ሲነሱ፣ ወደ ማንዋል ቀይሮ ስምንተኛ ላይ ማሰር ምስሉንም ወጥ ያደርገዋል፣ ፍላሹንም ያሳርፈዋል።

ትልቁ የኃይል ሌባ ግን ጣሪያው ነው። ፍላሹን ወደ ጣሪያ አዙሮ ብርሃኑን ማስመለስ ፊትን ስለሚያለሰልስ ሁሉም ይወደዋል፤ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ በእርግጥ ያምራል። ከፎቶ አንሺው ራስ በላይ 1.5 ሜትር ላይ ካለ ጣሪያ ብርሃኑ ደርሶ ሲመለስ በግምት 3 ሜትር ይጓዛል። የአዳራሹ ጣሪያ ከራስ በላይ 6 ሜትር ላይ ከሆነ ጉዞው 12 ሜትር ይሆናል። ርቀቱ አራት እጥፍ ሲያድግ የሚያስፈልገው ብርሃን አሥራ ስድስት እጥፍ ነው፤ ጣሪያው ራሱ የሚውጠው ሳይቆጠር። በዚህ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ኩባያ የሚመስለው ማለስለሻ ሲደረብበት ብርሃኑ ወደማያስፈልግበት አቅጣጫ ሁሉ ይበተናል። በድንኳን ሠርግ ነጩ ሸራ ቅርብ ስለሆነ ያግዛል፤ ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ ከተወጠረበት ግን ቀለሙ ፊት ላይ ያርፋል። ከፍ ባለ አዳራሽ ውስጥ ቅርብ ወዳለ ነጭ ግድግዳ ማዞር ወይም ሁለት ፍላሾችን በመቆሚያ ላይ በአዳራሹ ማዕዘኖች አቁሞ በዝቅተኛ ኃይል ማሠራት ይመረጣል።

ቀን ላይ የሚገጥመው ፈተና ሌላ ነው። ጥር 11 ጎንደር ላይ፣ በፋሲለደስ መጠመቂያ ዙሪያ፣ ካህናቱ በጥልፍ ጥላ ሥር ይቆማሉ፤ ፊታቸው በጥላው ይጨልማል፣ ነጭ ልብሳቸው በፀሐይ ያበራል። ፎቶ አንሺው ሰማዩን ላለማቃጠል ሹተሩን ወደ 1/1000 ሰከንድ ያወጣል። አብዛኞቹ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር በወጉ የሚናበቡት እስከ 1/200 ወይም 1/250 ድረስ ስለሆነ ፍላሹ ሃይ ስፒድ ሲንክ ወደሚባለው አሠራር ይገባል። በዚህ አሠራር አንድ ብልጭታ ሳይሆን ብዙ ጥቃቅን ብልጭታዎች ይከታተላሉ፤ አብዛኛው ብርሃን የተዘጋ ሹተር ላይ አርፎ ይባክናል፣ ሙቀቱ ግን አይቀርም። የሙቀት መከላከያውም ከወትሮው እጅግ ቀድሞ ይነሳል። በአይኤስኦ 100፣ በ1/200 እና በኤፍ 11 ሆኖ ሁለት ሜትር ያህል ተጠግቶ ማንሳት ፍላሹን በተራ አሠራሩ ያቆየዋል።

ፍላሹ ፊት ላይ የሚለጠፈው ብርቱካናማ ፕላስቲክም መታየት አለበት። የአዳራሹን ቢጫ መብራት ከፍላሹ ነጭ ብርሃን ጋር ያስማማል፤ ነገር ግን ብርሃን ይቀንሳል፣ ሙቀትም ያፍናል። የፍላሹ ዙም ወደ ሰፊው ሲሆን ቱቦዋ ወደ ፊት መጥታ ለመስታወቱ ትቀርባለች። ያን ጊዜ በሙሉ ኃይል ደጋግሞ ያበራ ሰው ቀለጥ ብሎ የተሸበሸበ ፕላስቲክ፣ አንዳንዴም የበለዘ መስታወት ያገኛል።

ማስጠንቀቂያው በሥርዓቱ መሃል ከመጣ መደናገጥ አይረዳም። አይኤስኦውን ወዲያው 3200 ወይም 6400 ማድረግና ከቪዲዮ ባለሙያው ጎን መቆም ነው፤ የእሱ ኤልኢዲ መብራት ሙሽሮቹ ላይ ስላለ ፎቶውንም ያተርፋል። ማለስለሻና ባለቀለም ፕላስቲክ ካለ ይነሳ። ሁለተኛ ፍላሽ ካለ ተራው ነው፤ ሠርግ የሚያነሳ ሰው ከአንድ ውድ ፍላሽ ሁለት መካከለኛ ፍላሾች ቢኖሩት ይበልጥ ይጠቀማል። የጋለውን ፍላሽ በእርጥብ ፎጣ መጠቅለል ወይም በረዶ ማስነካት እርጥበት ወደ ውስጥ ያስገባል። ፈትቶ ለማየት መሞከር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ባትሪው ወጥቶም ካፓሲተሩ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሰው የሚጎዳ ኃይል ነው።

ባትሪ ድንጋይ የሚጠቀሙ ሰዎች አራቱንም ከአንድ ዓይነትና ከአንድ ዕድሜ ያድርጓቸው፤ የደከመው አንዱ የቀሩትን እየጎተተ ያግላቸዋል። ዳግም የሚሞላ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ለፍላሽ ይስማማል። ትኩስ የወጣ ባትሪ እስኪበርድ ድረስ ቻርጀር ውስጥ አይገባም።

የሠርጉ መርሐ ግብር ራሱ ዕረፍት ይሰጣል፤ የሚያውቅበት ከተገኘ። ምግብ ሲነሳ እንግዶች ሰልፍ ይይዛሉ፣ እየበላ መነሳት የሚወድ ሰውም ብዙ አይደለም። ፍላሹ ያኔ ከካሜራው ይውረድ፤ ቦርሳ ውስጥ ሳይታፈን፣ ጭንቅላቱ ቀና ብሎ፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። 40 ጠረጴዛ እየዞሩ በየጠረጴዛው ሁለት ሁለት ምስል ማንሳት 80 ብልጭታ ነው፤ ሃያውን ጠረጴዛ በአንዱ ፍላሽ፣ ሃያውን በሌላው ማካፈል ይቻላል። ኬኩ ተቆርሶ ሙዚቃው ሲከፈትና ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ለእስክስታ ሲነሳ የመጀመሪያው ፍላሽ በርዶ ይጠብቃል።