እርግጥንና ምናልባትን የሚያመለክቱ ግሦች

ግሥ እርግጥ የሆነን ወይም ሊሆን የሚችልን ድርጊት ያመለክታል። በኮልፌ ቀራንዮ ሁለት ተማሪዎች ስለ ፖከር ካርታ ጨዋታ ብልሃት የተጻፈ መጽሐፍ ሊነበብ ይገባዋል፣ አይገባውም ብለው ቢከራከሩ፣ ክርክሩን የመጽሐፉ ግሦች ይፈቱታል። ከ52ቱ ካርታዎች 13ቱ ባለ ቀይ ልብ ናቸው። ተጫዋቹ ከያዛቸው 5 ካርታዎች 4ቱ ባለ ቀይ ልብ ቢሆኑና አምስተኛውን ጥሎ ሌላ ቢስብ፣ ካላያቸው 47 ካርታዎች ባለ ቀይ ልብ የሆኑት 9 ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ይመጣልሃል» የሚል መጽሐፍ ያታልላል፤ «ሊመጣልህ ይችላል» ብሎ 9ኙን ከ47ቱ የሚያስቆጥር ግን ማመዛዘንን ያስተምራልና ይነበባል። ሆኖም ስሌት ዕድልን አያዝም፤ የወላጅንም ገንዘብ ለቁማር አያስፈቅድም።

መልመጃ፦ «ታሸንፋለህ» የሚለውን ግሥ ምናልባትን ወደሚያመለክት ግሥ ለውጡና በአንድ አንቀጽ ተጠቀሙበት።